የግማሽ ሳንቲም ግራ እግር

ባሌን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠራው «ግማሽ ሳንቲም» እያለ ነው። ስሙን ያወጣለት ከሱቃችን አጠገብ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ነው። አንድ ቀን ያሰፋውን ሱሪ ሊወስድ መጣ። ለበሰው፣ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ደስ አለው። አመስግኖ ሊወጣ ሲል የእኔ ሰውዬ ዓይኑን ከወገቡ ላይ ሳይነቅል «አውልቀው» አለው።

«ለምን? ልክክ ብሎልኝ የለም እንዴ?»

«በቀኝ በኩል ግማሽ ሳንቲም ይተርፋል።»

ዳቦ ጋጋሪው ሳቀ። «ግድ የለም፣ ዳቦ ስበላ እሞላዋለሁ» አለ። ወይ ፍንክች። ምስኪኑ ሰውዬ በዱቄታም ሽርጡ ተጠቅልሎ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ አለ፤ ሱሪው ተተርትሮ፣ እንደገና ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ እስኪመለስለት ድረስ። ከዚያ ወጥቶ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ አወራና ስሙ ተለጥፎ ቀረ።

እኔ ሚስቱ ነኝ። ሥራውንም ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ይላል። ሱቃችን ከመንገዱ በሁለት ደረጃ ከፍ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መስኮቱ ስር የእሱ የስፌት መኪና፣ ትይዩ የእኔ፣ መሃላችን የመቁረጫው ጠረጴዛ። ከኋላ ያለችው በር ወደ መኖሪያችን ታስገባለች። ከባል ጋር አብሮ ማደሩ አልበቃ ብሎ ቀኑንም ፊት ለፊት ተፋጦ መዋል ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። እኔ ስሰፋ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣ የመኪናዬን ድምፅ ሰምቶ ብቻ «ክሩን አጠበቅሽው» ይለኛል። ጨርሼ ስሰጠው ደግሞ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ስፌቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ በአውራ ጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ «ተርትሪው» ይላል። በትዳር ዘመናችን ከአፉ «እወድሻለሁ» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። «ተርትሪው» የሚለውን ግን ጠግቤዋለሁ።

እኔም ዝም የምል ሴት አይደለሁም። «ለራስህ ተርትረው፣ እጅ የለህም?» እለዋለሁ። እሱ አይቆጣም፤ ምላጩን ከመሳቢያው አውጥቶ እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል። እያጉረመረምኩ እተረትርና ደግሜ እሰፋለሁ። ብቻ አንድ ነገር ልመስክርለት፤ ተርትሪው ያለኝ ስፌት ሁሉ መተርተር የነበረበት ነው። ይህን ለእሱ ነግሬው አላውቅም፣ አሁንም አልነግረውም።

ያ የኮሮና ወረርሽኝ የመጣ ጊዜ ሥራ ቀዘቀዘ። ሰው በሩን ዘግቶ ተቀምጦ ሱፍ ለማን ብሎ ያሰፋል? ግማሽ ሳንቲም ግን እጁ ሥራ ሲፈታ ያመዋልና ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ መስፋት ጀመረ። እንደ ሰው ሁሉ አንድ ልክ አውጥቶ ቢሰፋ ምን ነበረበት? የለም። የሰፈሩን ሰው በር ላይ አቁሞ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ይለካል።

«ሰው እየረገፈ አንተ አፍንጫ ትለካለህ» አልኩት።

«ክፍተት ካለው ምን ሊረባቸው ነው?» አለኝ።

እንዲህ የተጠነቀቀውን ሰውዬ በሽታው አልማረውም። መያዙን ያወቅነው በካውያ ነው። እኔ ከጓዳ ሆኜ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝና ሮጬ ብወጣ፣ እሱ አንገትጌው ላይ ካውያውን እንዳስቀመጠ ጭሱን ቆሞ ያየዋል። «አይሸትህም?» አልኩት። አይሸተውም ነበር። ወዲያው ትኩሳቱ ተከተለ፣ ሳሉ ተከተለ፤ ሲመረመር ተገኘበት። የጓዳዋን ክፍል ለቀቅኩለትና ምግቡን በሩ ላይ እያስቀመጥኩ ከውጪ ሆኜ ሳሉን አዳምጥ ነበር። እኔን ያለፈኝ ይሁን፣ ሳይታወቀኝ ይዞ የለቀቀኝ እንጃ። ደግነቱ ወደ ሐኪም ቤት የሚያስሮጥ ሳይሆን ትኩሳቱ ለቀቀው። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ብቅ አለና «ድኛለሁ» አለኝ። እኔም ነፍሴ መለስ አለች። በሽታው ሲወጣ ምን ትቶ እንደሚሄድ መች አወቅን።

እሱ ተኝቶ ሳለ የወረርሽኙ እገዳ ተነስቶ ኖሮ ሲተላለፍ የከረመ ሠርግ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀን ተቆርጦለት ጠበቀን። ሱፉ፣ ቀሚሱ፣ የሚዜው ኮት ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። ግማሽ ሳንቲም መኪናው ላይ ተቀመጠ፣ ተቀመጠ ነው የምላችሁ። ምሳውን እንኳ እዚያው ነው የሚበላው። «ተነስና እግርህን አፍታታ» ስለው «ይህቺን ልጨርስ» ይላል። ይህቺ ስታልቅ ሌላዋ ትመጣለች።

ትንሽ ቆይቶ ሲነሳ ያነክስ ጀመር። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ፔዳሉ ጠንክሮብኝ ነው» አለኝ። መሬት ተቀምጦ ፔዳሉን ፈታታው፣ ዘይት አጠጣው፣ ቀበቶውን ቀየረለት። መኪናው እንደ አዲስ ሆነ። እሱ ግን ማነከሱን አልተወም። «አሁንስ?» ስለው «ለምዶበት ነው» ብሎ ቀለደብኝ፤ ሥራ ስለነበረብኝ አልተከራከርኩም።

አንድ ማለዳ የሥራ ሱሪዎቹን እተኩሳለሁ። ሱሪ ሲተኮስ ሁለቱ እግር ይደራረብና ስፌት ከስፌት ይገጥማል። ግራጫው ሱሪው ግን አልገጥም አለኝ። ባቱ ጋ ስደርስ ግራው ከቀኙ ያልፋል። አገላበጥኩት፣ ያው ነው። ሜትር አምጥቼ ብለካው ሦስት ሳንቲም። ልዋሽ አልችልም፣ ደስታዬን አልቻልኩትም። ግማሽ ሳንቲም ሦስት ሳንቲም ተሳሳተ። ለዳቦ ጋጋሪው እንዴት አጣፍጬ እንደማወራለት እያሰብኩ ሱሪውን አንጠልጥዬ ወደ ሱቁ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ተርትረው» አልኩት።

ይከራከረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አንዴ ሱሪውን፣ አንዴ እኔን አየና እንደተያዘ ልጅ ዓይኑን ሰበረ።

«ሆን ብዬ ነው» አለ።

«ምኑን ሆን ብለህ?»

«ጠበበኝ። ለቀቅ አደረግኩት።»

«አንድ እግር ብቻ ይጠባል እንዴ ሰውዬ?»

ግራ እግሩን ከመኪናው ስር ወደ ኋላ ሳበ። ሳቄ እዚያው ደረቀ። ተንበርክኬ የለበሰውን ሱሪ ግራ እግር ወደ ላይ ገለጥኩት። ባቱ ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ቆዳው ቀልቷል፤ በእጄ ጀርባ ብነካው ይፋጃል። ቀኙ እግር የማውቀው የባሌ እግር ነው። ግራው የማን እንደሆነ አላወቅኩትም።

አስቡት እንግዲህ። ሌላ ሰው እግሩ አብጦ ሱሪው አልገባ ሲለው ይደነግጣል፤ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። የእኔ ባል ግን ሰፊ ነው። ለሰው ሱሪ ሲሰፋ ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ መተው ልማዱ ነው፣ ሰው ይወፍራል ብሎ። ለራሱም ትቶ ኖሮ ያቺን ትርፍ ተረተረና እግሩን ትቶ ሱሪውን አከመው። እኔ ጓዳ ስገባ ጠብቆ፣ በኔው ምላጭ። ሥራውን የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ያስታውቅበት ነበር።

በደንብ አድርጌ ላሽለት ቅባቱን ይዤ ስመጣ ስልኬ ጮኸ። ልጃችን ናት፣ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። የሆነውን ስነግራት ድምፅዋ ተለወጠ።

«እማዬ፣ አንድ እግሩ ብቻ ነው?»

«አዎ፣ ግራው።»

«እንዳታሺው። በጭራሽ እንዳታሺው። ከኮሮና በኋላ ደም ይረጋል። የረጋ ደም ከሆነ ሲታሽ ተነስቶ ይሄዳል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው።»

ቅባቱን የትም ጣልኩት። ግማሽ ሳንቲም ግን «የሙሽራው ኮት እጅጌው ብቻ ነው የቀረው» ብሎ ግግም አለ። ጮህኩበት። ሙሽራው በእጅጌ ጉርድ ያግባ አልኩት። እየተነጫነጨ ተነሳና ሁለቱን ደረጃ ወርዶ መንገዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ቆይ… ትንሽ» አለኝ። አየር ይስባል፣ አየሩ ግን አይገባለትም። ከንፈሩ ሲጠቁር ብብቱ ስር ገብቼ ደገፍኩት። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ ያየን ነበርና ከነሽርጡ ሮጦ መጣ፤ ዳቦ በሚያከፋፍልበት መኪና፣ በባዶ ሳጥኖቹ መሃል አስተኝቶ ይዞን በረረ። ጡሩምባውን መንገድ ሙሉ አልለቀቀውም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ከእጄ ነጠቁኝ። አፍንጫው ላይ ኦክስጅን አደረጉለት። አንዲት ልጅ እግር ዶክተር፣ ከላይ እስከ ታች በላስቲክ የተሸፈነች፣ ዓይኖቿ ብቻ የሚታዩ፣ ጎንበስ ብላ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ እግርዎ ማበጥ ከጀመረ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት… ሦስት ቀን» አለ።

ያኔ ነው እጄ ላይ ያለውን ያየሁት። ለካ በጥድፊያው ግራጫውን ሱሪ ከጠረጴዛው አንስቼ እንደያዝኩ ነው ከቤት የወጣሁት። ገለበጥኩትና የውስጡን ስፌት አየሁት። ክር ቢወጣ መርፌው የወጋበት ቀዳዳ ጨርቁ ላይ ይቀራል። የድሮው ስፌት ቀዳዳ አለ። ከእሱ ወጣ ብሎ ሌላ ረድፍ አለ። ሦስተኛው አሁን የተሰፋበት ነው። ሁለት ጊዜ ነው የለቀቀው።

«መጀመሪያ የተረተርከው መቼ ነው? እንዳትዋሸኝ።»

ኦክስጅኑን ለብሶም ቢሆን መዋሸት እንደማይችል ገባው። «የመጀመሪያው ሙሽራ ሱፉን የወሰደ ቀን» አለ። ሳምንት አልፎታል። ነገርኳት። ዶክተሯ ሱሪውንም እኔንም አየችና ቶሎ ብላ ወደ ምርመራው ወሰደችው።

እግሩን በአልትራሳውንድ፣ ደረቱን በሌላ ማሽን አዩት። ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ራቅ ብላ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። ይህ በሽታ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚነካው አለችኝ። የደም ስሮችን ውስጣቸውን ያስቆጣቸዋል፤ ደምም መርጋት በማይገባው ቦታ መርጋት ይጀምራል። ተኝቶ መክረሙና ሳይነሳ መቀመጡ ደግሞ ጨመረበት። ባቱ ውስጥ ደም ረግቷል፤ ከዚያ ላይ ቁራሽ ተነቅሎ በደም ስሩ ሄዶ ሳንባው ውስጥ ተወትፏል። ትንፋሹን የዘጋው እሱ ነው።

«ይድናል?» አልኳት።

«ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መርፌ ጀምረንለታል። ዛሬንና ነገን እንያቸው እናቴ።»

ሐኪም «እንያቸው» ሲል ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ውስጥ መግባት አይፈቀድም ነበር። በሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለች፤ በእሷ በኩል አየዋለሁ። ነርሷ ሸሚዙን ገልጣ እምብርቱ አጠገብ ስትወጋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዕድሜውን ሙሉ አፉ ላይ የመርፌ መዓት ነክሶ የኖረ ሰውዬ እኮ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅበት ነበር። ያን ዕለት ግን ግንባሬን መስታወቷ ላይ አስደግፌ ተሳልኩ። ተነስቶ ይምጣና ስፌቴን ሁሉ ያጣጥል፣ እንደፈለገው ተርትሪው ይበለኝ፣ አንዲት ቃል አልመልስለትም አልኩ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ቃል መግባቴ ምን ያህል ብፈራ እንደሆነ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ተረፈ። ትንፋሹ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ኦክስጅኑ ተነሳለት። ወደ ቤት ሲመለስ መርፌው በኪኒን ተተካ። ዶክተሯ እሱንም እኔንም ፊቷ አስቀምጣ ነገረችን፤ ኪኒኑ በየማታው በአንድ ሰዓት ላይ ይዋጣል፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። በየጊዜው እየመጣ ደሙ ይለካል፣ ከቀጠነም አደጋ ነው፣ ከወፈረም አደጋ ነው። በዘፈቀደ የራስ ምታት ኪኒን መዋጥ የለም፣ ሌላ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ይጠይቅ። ድዱ ከደማ፣ ሰገራው ከጠቆረ፣ ወይ ወድቆ ጭንቅላቱን ከመታ በአስቸኳይ ይምጣ።

«ታዲያ የረጋውን ያቀልጠዋል ማለት ነው?» አላት የእኔ ልክ ፈላጊ።

«የለም ጋሼ፣ ኪኒኑ አያቀልጠውም። እንዳያድግና ሌላ እንዳይጨመርበት ያግደዋል። የረጋውን ቀስ ብሎ የሚያጠራው የራስዎ ሰውነት ነው። ለዚህ ነው ጊዜ የሚፈልገው።»

መልሱ ጥሞት ራሱን ነቀነቀ። ከመኪናው በላይ ደዋይ ሰዓት ሰቀልኩለት፣ በደወለ ቁጥር ተነስቶ እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሶ ይመለሳል። ሁሉም መልካም ሆነ ብዬ ነበር።

ግን ሰፊ ነው እኮ። ሰፊ ሆኖ ጣቱን የማይወጋ የለም። ድሮ መርፌ ሲወጋው ጣቱን አንዴ ምጥጥ ያደርግና ይቀጥላል። አሁን ያቺ ነጥብ ደም አልቆም ትላለች። ነጭ ቁራጭ ጨርቅ ጣቱ ላይ ይጠመጥማል፣ እሱም ይቀላል፣ ሌላ ይቀይራል። የቁርጥራጩ ቅርጫት በቀያይ ነጠብጣብ ተሞላ። ጣት ላይ የሚጠለቀውን የብረት ቆብ ገዛሁለት፤ ጨርቁ አይሰማኝም ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ላይ ዶቃ ይተክላል። እኔ ከደንበኛ ጋር እያወራሁ ድንገት የዶቃው ኮሽታ ሲቆም ተሰማኝ። ዞር ስል ቀሚሱን በሁለት እጁ ይዞታል፤ ደረቱ ላይ፣ ልክ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ የደም ጠብታ። ቀዝቃዛ ውሃ አመጣሁ፣ ሳሙና አመጣሁ፣ ለቀቀ። ለሙሽራዋም አልታወቃትም። እሱ ግን ውሃውን እያየ ተቀመጠ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልነካም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ቅርጫቱን ስደፋ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። ቁርጥራጩ ነጭ ነው። እንዴ፣ መርፌ መያዝ ተወ? አልተወም። ቁጭ ብዬ አየሁት። ሲሰፋ ወጋው፤ ጣቱን ምጥጥ አደረገ፤ ቀጠለ። ጨርቅ አልጠመጠመም። ደሙ ወዲያው ቆመ፣ እንደ ድሮው። ወደ ጓዳ ገብቼ ማታ ማታ እውጣለሁ የሚለውን ኪኒን ፈለግኩት። ከፍራሹ ስር በወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ኪኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩለት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

መኪናውን አቆመ። «ነጭ ልብስ የማይነካ ሰፊ ምን ሰፊ ነው?» አለኝ። «እጄ ከዳኝ። ሰው ለሠርግ ያመጣልኝን ልብስ በደም ከምበክልበት…»

«ከምትበክልበት ምን? ጨርሰው።»

ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ወደ ወረቀቱ ይመልስ ጀመር።

«አንተ ስለ ሰው ነጭ ልብስ ታስባለህ» አልኩት። «አንተ ብትሞት እኔ የምለብሰው ነጭ ነው? ንገረኝ እስቲ፣ ማነው የሚሰፋልኝ? ልኬን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ?»

እንዲህ ስለው አንገቱን ደፋ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም እንዳላይበት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ወዲያው ተነስተን ሄድን። ዶክተሯ ደሙን አስለክታ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ደሙ ቶሎ ወደሚረጋበት ተመልሷል፣ የእግሩ ገና አልጠራም፣ አዲስ ነገር ባለመፈጠሩ ፈጣሪን ያመስግኑ አለችው። ኪኒኑ እስኪሠራ ድረስ መርፌው እንደገና ተጀመረ። ስንወጣ ለእሱ ውሳኔዬን ነገርኩት፤ መቁረጡና መኪናው ያንተ፣ በእጅ የሚሰፋ ነጭ ነገር ሁሉ የእኔ። እሺ አለ። ሳይከራከር እሺ አለ።

ኪኒኑን ዓይኔ እያየ ዋጠ፣ ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩ አለፈ። እግሩ እየቀጠነ መጣ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ግማሽ ሳንቲም አፉን ያዘ። ዶቃ ተክዬ ስሰጠው «ጥሩ ነው» ይላል። እጅጌ አጣምሜ ብገጥም «ጥሩ ነው» ይላል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ መስቀል ተወ፣ ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ተወ። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ «ሰውዬው ታርሟል» ብሎ ቀለደ። እኔን ግን አላሳቀኝም። ሰውነቱን ከዚያ አልጋ ላይ አስነስቼ አመጣሁት፣ እሱ ራሱ ግን የት እንደቀረ አላወቅኩም። መልስ አልሰጥም ብዬ ተስዬ ነበር፤ መልስ የምሰጥበት ነገር ጠፋ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ዶክተሯ አየችውና ደስ አላት። ሳንባው ጠርቷል። ኪኒኑን ማቆም ይቻላል አለች። እግሩ ግን የድሮው ላይሆን ይችላል፤ የደም ስሩ ተጎድቷል፣ በተለይ ወደ ማታ ላይ ትንሽ ያብጣል፣ የሚያጠብቅ ካልሲ ያድርግ፣ መነሳት መቀመጡን አይተው። ዳግመኛ እግሩ ቢያብጥ ደግሞ ምላጭ ሳይሆን ስልክ ያንሳ አለችው። ፈገግ አለ።

ቤት ስንመለስ ግራጫውን ሱሪ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። ሦስት ሳንቲም ሰፍቶ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተለበሰም።

«እግርህን ስጠኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ልለካህ።»

ግር አለው። ስንት ዘመን የሰው ልክ ሲወስድ የኖረ ሰው፣ እሱን ግን ማንም ለክቶት አያውቅም። ተቀመጠና ግራ እግሩን ዘረጋልኝ። ሜትሩን ባቱ ላይ አዞርኩት። ከቀኙ በአንድ ሳንቲም ይበልጣል። እንደዚያው ይሁን ብዬ ለግራው አንድ ሳንቲም መተው ነበረብኝ። እኔ ግን መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አንድ ሳንቲም ተኩል ተውኩለት። ተሳስቼ አይደለም። ሆን ብዬ ነው።

ተኩሼ ሰጠሁት። ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ለብሶት ወጣ። መስታወቱ ፊት ቆመ። ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ። እኔ የሌለ ክር በመርፌዬ ውስጥ አስገባለሁ። ጥሩ ነው ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ጥሩ ነው ካለኝ አለቀልኝ ብዬ ፈራሁ።

ጎንበስ አለ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። የግራ እግሩን ስፌት በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳበሰውና ባቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ገብቶ ሱሪውን ቀይሮ መጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ መሳቢያውን ስቦ ምላጩን አወጣና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ባቱ ጋ ግማሽ ሳንቲም ይተርፋል» አለ። «ተርትሪው።»

ምላጩን ተቀበልኩት። ዓይኔ ስለተሞላ ስፌቱ አይታየኝም፤ በእጄ እየዳበስኩ መተርተር ጀመርኩ። እሱ መኪናው ላይ ተቀምጦ መልሴን ጠበቀ። መልስ ሲያጣ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ። ከዚያ ድንጋጤ በገባው ድምፅ «አሞሻል እንዴ?» አለ።

ስለቴ ስለት ነው። ራሴን ነቅንቄ መተርተሬን ቀጠልኩ።